የትኛው መስኮት ላይ ነህ?

ይህ ነገር በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነግሮኝ ወይም ከሌላ ቦታ ገልብጬ አይደለም።

ማመን ያቃተው ካለ አልቀየመውም። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ "ሂድና ትንሽ ተኛ" ነበር የምለው።

ጨለማ አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው የአንድ ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ የታካሚዎች መዝገብ ክፍል።

ኮሪደሩ ላይ ሰው ይተላለፋል። ከታች አንድ ሾፌር ከጥበቃው ጋር ስለ መኪና ማቆሚያ ይጨቃጨቃል። የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል።

እዚያ መሐል ነው እንግዲህ... ያየሁትን ያየሁት።

እኔ መስታወት ገጣሚ ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ እዚያም የደረስኩት አስተማሪዎቹ ስለሰለቹኝ ይመስለኛል። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት አለ። እዚያ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ሠላሳ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር የማይለያት። ሆስፒታሉ ውስጥ መዝገብ ትጽፋለች። ሰፈሩ በሙሉ "ጸሐፊዋ" ነበር የሚላት። እኔም እንደዚያው።

ምሳ ሰዓት ላይ እናቷን ልታበላ ትመጣለች። ስትመለስ ሱቄ በር ላይ ቆም ትላለች።

አንድ ቀን ፊቷን አጥቁራ መጣች።

"ምነው፣ ኮምፒውተሩ ነከሰሽ?" አልኳት።

"መስኮቶቹ ናቸው ያስቸገሩኝ፣ ጋሼ።"

"የመስኮት ነገር ከሆነማ ባለሙያው እኔ ነኝ። ተሰነጠቀ?"

ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ።

ለካ ኮምፒውተር ውስጥም መስኮት የሚባል ነገር አለ። ለአንድ ታካሚ አንድ መስኮት ይከፈታል። ሥራ ሲበዛባት ሁለት ጎን ለጎን ትከፍታለች፤ በግራ አንድ ሰው፣ በቀኝ ሌላ ሰው። የምትጽፈው ግን ወደ አንዱ ብቻ ነው የሚገባው። ወደ ነቃው። ሌላው ተኝቷል።

"የቱ እንደነቃ በምን ታውቂያለሽ?"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ። ሁለቱም ግራጫ ናቸው። መንታ በሏቸው። የግራው ላይ ነኝ ብዬ ስጽፍ ቀኙ ላይ አገኘዋለሁ። እስካሁን ቶሎ እያየሁ አስተካክያለሁ... አንድ ቀን ባላይስ?"

እኔ በቀልድ፣ "ሰው ያለበትን ቤት ፍሬሙን ቀለም ቀቢው፤ ባዶውን ተይው" አልኳት።

በማግስቱ እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ ቀባሁት።"

ማስተካከያው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነበር፤ ፈልጋ አገኘችው። አሁን የምትጽፍበት መስኮት ግንባሩ ሰማያዊ ይሆናል። የተኛው ይደበዝዛል።

"ከእንግዲህ ዓይኔን ጨፍኜም አልሳሳትም" አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ዘጠኝ ቀን እንዲያ ሠራች። በአሥረኛው ቀን ኃላፊዋ አየው።

ኃላፊዋን እኔ "ግራጫው" ነው የምለው። ሱፉ ግራጫ፣ ሸሚዙ ግራጫ፣ ካልሲው ግራጫ። የክፍሉን ግድግዳ ሳይቀር ግራጫ አስቀብቷል። ጸጉሩ ብቻ ነበር ግራጫ እንዲሆን ያልተፈቀደለት፤ እሱንማ በየሳምንቱ ያጠቁረዋል።

"ይሄ ምንድነው?" አላት፣ ሰማያዊውን በጣቱ እያሳየ።

"የቱ ላይ እንዳለሁ እንድለይበት ነው።"

"ሥራሽን የምታውቂ ከሆነ ቀለም አያስፈልግሽም።"

አጠፋው። ማስተካከያውን እሱ ብቻ በሚያውቀው ፓስወርድ ቆለፈው። የክፍሉ ማሽን በሙሉ ግራጫ ሆነ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ትልቅ መስታወት ከግድግዳ ላነሳ ስል ብቻዬን አቃተኝ። እሷ በበሩ ስታልፍ፣ "አንቺ ልጅ፣ ያንን ጫፍ ያዥልኝ" አልኳት። ያዘችልኝ።

"ሰባት ከሃያ ሆነ እኮ። ቶሎ በሉ፣ ጋሼ፣ ዘገየሁ" አለች ሰዓቴን ግድግዳው ላይ አይታ።

"መስታወት አይቸኩልም። የቸኮለ ጣቱን ከመሬት ይለቅማል።"

ተሳሳቅን። ከዚያ ሄደች።

በዚያችው ደቂቃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ሰው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በዚያ ቀን አንዲት አራስ ሞተች። የተሰጣት መርፌ የማይስማማት ሴት ነበረች። ነርሷ አስቀድማ ደውላ "እንደማይስማማት መዝግቡ" ብላለች። ተመዝግቧልም። የተመዘገበው ግን አራሷ ላይ አይደለም። ጎን ለጎን ተከፍቶ በነበረው በአንድ ሽማግሌ መዝገብ ላይ ነው።

የተጻፈበት ሰዓት ሰባት ከሃያ።

የጻፈው ሰው ስም የእሷ።

ማሽኑ በእሷ ስም ተከፍቶ የቆየ ነበር። "ምሳ ሰዓት ላይ ማሽን አይዘጋ፣ ሥራ ይጓተታል" የሚለው የግራጫው ትእዛዝ ነው።

"ስመለስ ወንበሬ ዝቅ ብሎ ነበር" አለችኝ በማግስቱ፣ ሱቄ ውስጥ። "እኔ ከፍ አድርጌ ነው የምቀመጠው። የሆነ ሰው ተቀምጦበታል፣ ጋሼ።"

ማን እንደሆነ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ክፍል የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ግራጫው "በሰዓቱ አልነበርኩም" አለ። እኔም ተጠርቼ ነበር... እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ጸሐፊዋ ተባረረች። የአራሷ ዘመዶች በሯ ላይ መጥተው "ገዳይ" ብለው ጮኹባት። መነጽሯን አውልቃ ነው የሰማቻቸው፤ ፊታቸውን ላለማየት ይመስለኛል።

በአራተኛው ወር ሞተች። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ልብ መሆኑንማ እኛም እናውቃለን። ማን እንደሰበረው ነው ያልጻፉት።

እናቷ ከዚያ በኋላ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጄን መልሱልኝ አልልም። ስሟን ብቻ መልሱልኝ። ገዳይ እንደተባለች አትቅርብኝ።"

በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ቁርስ ሲበሉ ይሉታል። በሩን ሲከፍቱ ይሉታል። ለማንም አይደለም የሚሉት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የተወጋሁ አልነበርኩም፤ ግን አልረሳሁም። ያንን ሰውዬ እያሰብኩ ስንት መስታወት አጣምሜ እንደቆረጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁለት ወር በኋላ የሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኛ ሱቄ መጣች።

"የመዝገብ ክፍሉ መስታወት ተሰነጠቀ። ኃላፊው ቅርብ ያለውን ሰው ጥሪ ብሎኛል።"

"ድንጋይ ነው?"

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማን ይወረውራል? በዚህ ወር ሦስተኛው ነው።"

"ሌላ ሰው ገጥሞት ነበር ማለት ነው?"

"ሁለቴ።"

"ታዲያ በምንድነው የሚሰነጠቀው?"

ግራ ቀኝ አየች። "ሂድና እየው፣ ወንድሜ። እኔ ልጆች አሉኝ፤ አፌን አልከፍትም።"

ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ለመስታወቱ አልነበረም። ያንን ሰውዬ ፊት ለፊት ላየው ፈልጌ ነው። ምን እንደማደርገው አላውቅም። ጫማው ላይ የመስታወት ማጣበቂያ ስቱኮ ብጥልበት እንኳ ትንሽ ይቀለኛል ብዬ አስቤ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ አራት ጠረጴዛ አለ። ሦስቱ ባዶ ናቸው፤ አቧራ ይዘዋል።

አራተኛው ላይ ብቻ ኮምፒውተር በርቷል።

"የሷ ነው" አለች የጽዳት ሠራተኛዋ በሹክሹክታ፣ ከበሩ ሳታልፍ።

"ሌሎቹ ጸሐፊዎችስ?"

"ታች ወረዱ። እዚህ አንሠራም አሉ። በየጠዋቱ ኃላፊው ግራጫ ያደርገዋል... ከሰዓት ሰማያዊ ሆኖ ይገኛል።"

"የቱ?"

"ማንም የማይጽፍበት መስኮት።"

ሄደች። ጫማዋ ሲርቅ ሰማሁት። ከሄደችበት ፍጥነት ይልቅ ወለሉን ሳትወለውል መሄዷ ነው የገረመኝ።

መስታወቱን ለማየት መሰላሌን ዘረጋሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት መስታወት ነክቻለሁ። ድንጋይ ሲመታው እንደ ሸረሪት ድር ይበተናል። ሙቀት ሲሰነጥቀው እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል።

ይሄ ግን ቀጥ ያለ ነው።

አራት ማዕዘን። በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። ከላይ በኩል ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን መስመር... እንደ ግንባር።

በጣቴ ዳሰስኩት። ከውስጥ በኩል ለስላሳ ነው። እጄን በተከፈተው በኩል አዙሬ ከውጭ ዳሰስኩት። ለስላሳ ነው።

የተቆረጠው መሐሉ ነበር። የመስታወቱ ሥጋ ውስጥ።

እንደዚያ የሚቆርጥ መሣሪያ የለም። ቢኖር እኔ እገዛው ነበር።

በሩ ተከፈተና ግራጫው ገባ።

"አንተ ነህ መስታወት ገጣሚው? የት ነው የማውቅህ?"

"ብዙ ቤት እገባለሁ፣ ጌታዬ።"

"ቶሎ ጨርስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚላክ ሪፖርት አለኝ።"

ጃኬቱን አውልቆ መደገፊያው ላይ ጣለና የእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ ያለውን እጀታ ሳበና ዝቅ አደረገው። ያ ፊስስ የሚል ድምፅ ጥርሴን አስነከሰኝ።

የራሱን ስምና ፓስወርድ አስገባ። ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ተከፈተ። ሁለቱም ግራጫ።

እኔ ከኋላው መሰላል ላይ ነኝ። ስክሪኑ ወለል ብሎ ይታየኛል።

መጻፍ ጀመረ። የሚጽፈውን ከንፈሩ ላይ የሚያነብ ሰው ነው።

"የአራሷ ሞት... የተከሰተው... በሟቿ ጸሐፊ ቸልተኝነት... መሆኑ ስለተረጋገጠ... ጉዳዩ እንዲዘጋ..."

እጄ ላይ ያለው ስቱኮ በጣቶቼ መሐል ተጨምቆ ወጣ።

ሊያስዘጋው ነው። ስሟን ለዘላለም እዚያ ውስጥ ሊቀብረው ነው።

ከዚያ ስክሪኑን አየሁ።

የቀኙ መስኮት ባዶ ነው። እሱ የሚጽፍ የመሰለው እዚያ ነበር። አንድም ፊደል የለበትም።

የግራው መስኮት ግንባር... ቀስ እያለ... ሰማያዊ ሆነ።

ፊደሎቹ እዚያ ነበር የሚገቡት። ግን እሱ ከንፈሩ ላይ የሚያነባቸው አልነበሩም።

"በዚያ ቀን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

ግራጫው ቀና አለ። ማውሱን ይዞ የቀኙ መስኮት ላይ ጠቅ አደረገ።

ሰማያዊው አልተንቀሳቀሰም።

ደግሞ ጠቅ አደረገ። ደግሞ።

እንደገና ጻፈ፤ አሁን ኪቦርዱን እየደበደበ። "በሟቿ... ቸልተኝነት..."

"ወንበሩን ዝቅ አድርጌ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የትኛው መስኮት ላይ እንደሆንኩ አላየሁም።"

ላብ ከጆሮው ሥር ወረደ። ከጸጉሩ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ጥቁር ሆኖ ነበር የሚወርደው።

"አንተ..." አለኝ ሳይዞር፣ በሹክሹክታ። "ይታይሃል?"

"ምኑ፣ ጌታዬ?"

"የግራው... ሰማያዊው።"

"ይታየኛል።"

"እኔ የትኛው ላይ ነኝ?"

ይህን ጥያቄ ስድስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ነው የመሰለኝ።

"ሥራዎን የሚያውቁ ከሆነ" አልኩት፣ "ቀለም አያስፈልግዎትም።"

ቀስ ብሎ ዞረ። ዓይኑ ፊቴ ላይ ቆየ።

"አወቅኩህ" አለ። "ኮሚቴው ላይ የመጣኸው ነህ። የሷ ጎረቤት።"

"ነኝ።"

"አንተማ... በግምት ነው ብለሃል። ፈርመሃል።"

እንግዲህ ቆይቼ እነግራችኋለሁ ያልኩት ይህንን ነው።

ኮሚቴው ፊት ቆሜ "ሰባት ከሃያ ላይ ሱቄ ነበረች፤ መስታወት ይዛልኝ ነበር" ብያለሁ። ሰብሳቢው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። "ሰዓቱን እርግጠኛ ነህ? ሐሰት ከሆነ ትጠየቃለህ። ከሆስፒታሉም አንዳንድ የመስታወት ሥራ ታገኛለህ አይደል?" አለኝ።

"በግምት ነው" አልኩ።

በግምት። አንዲት ቃል ናት። ጻፏት፣ ፈረምኩባት፣ ምስክርነቴን ወደ ጎን አደረጉት። ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። "ነገሩልኝ፣ ጋሼ?" አለችኝ። "ነገርኩልሽ" አልኳት።

ነገርኩልሽ አልኳት።

ግራጫው ይህን ሲያስታውሰኝ መሰላሉ ላይ እንደ ዶሮ ተሰቅዬ ቀረሁ።

እሱ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሳና ደረቱ ላይ አጣመራቸው። አይቼዋለሁ። ሁለቱም እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው።

ኪቦርዱ ግን አልቆመም።

ቀጭን ጣት ያለው ሰው እንደሚጽፍ... ቀልጠፍ ቀልጠፍ እያለ...

"ሁለቱንም ግራጫ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስህተቴን የዚያኑ ዕለት አይቻለሁ። ዝም ብያለሁ።"

"አቁም" አለ።

ለማን እንዳለ አላውቅም።

ያኔ ነው የጀመረው። ሰውየው ድሮም ግራጫ ለባሽ ስለሆነ ወዲያው አልገባኝም። መጀመሪያ ከንፈሩ ነው። ከዚያ ጥፍሮቹ። ከዚያ የጆሮው ጫፍ፣ ያ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀላ የሚለው ቦታ...

ደበዘዘ።

አልገረጣም። የገረጣ ሰው አይቻለሁ። እሱ ደበዘዘ። የተቀመጠበት ወንበር ቀለም አለው፤ ጠረጴዛው ቀለም አለው፤ የአንድ ቡናማ ፋይል ጠርዝ እንኳ ደምቋል። እሱ ብቻ ከእነ ላቡ ወደ ኋላ የተገፋ መሰለ።

አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም።

በሩ ተንኳኳና የጽዳት ሠራተኛዋ አንገቷን አስገባች።

"ኃላፊው የት ሄዱ?" አለችኝ።

በእኔና በእሷ መሐል ተቀምጧል። እጁን ወደ እሷ ዘርግቷል። ጣቶቹ ከቀሚሷ አንድ ክንድ አይርቁም።

"አሁን እዚህ ነበሩ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

"ጃኬታቸውን ትተው ነው የወጡት?" ወንበሩን አየች። ወንበሩን ብቻ። "ሪፖርቱን ታች እየጠበቁ ነው በላቸው።"

ሄደች።

እውነቱን ጻፍ ካላችሁኝ... ደስ አለኝ። ፈርቼም ደስ አለኝ። ጸሐፊዋ አራት ወር ሙሉ በሰፈሩ ስታልፍ ሰው እንዳላየ እያለፋት ነው የኖረችው። ይቅመሰው አልኩ።

ስክሪኑ ላይ ደብዳቤው አልቆ ነበር። ከታች "ፈራሚ" ይላል፤ የግራጫው ስም ከእነ ማዕረጉ ገብቷል። በራሱ ፓስወርድ ነው የተከፈተው፣ ማን ይክዳል።

ከሥሩ ሌላ መስመር አለ።

"ምስክር፦"

ከፊቱ አንዲት ቀጭን መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። ትጠብቃለች።

ኪቦርዱን አየሁት። ሲጀመር ወደ ወንበሩ ነበር የዞረው። አሁን... ወደ መሰላሉ ዞሯል።

ወደ እኔ።

ስሜን ብቻ ነው የሚፈልገው። ስሜንና ሰዓቱን። ይህን ያህል ፊደልማ አላጣም።

ከመሰላሉ ወረድኩ። አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ሰብሳቢው ትዝ አለኝ፤ "ትጠየቃለህ" ያለኝ። ሱቄ ትዝ አለኝ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

መስመሯ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለች። ከዚያ ጠፋች። ከኮሪደሩ ፕሪንተር ሲሠራ ሰማሁ። ከሥሩ ካለው ፎቅ ሌላ። ከታች ሌላ። ሕንፃው በሙሉ ወረቀት ይተፋ ጀመር።

መሣሪያዬን ሰብስቤ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረድኩ። መሰላሌ እዚያው ቀረ። ይቅር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ነው የሆነው። ወረቀቱ በየክፍሉ ወጥቶ ማን ይደብቀዋል። ግራጫው "ጥፋቱን አምኖ ተሰወረ" ተባለ። ኮሚቴው እንደገና ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ነፃ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከእነ ወረቀቱ ቅጂ፣ ለእናቷ መጣላቸው።

እናቷ ማንበብ አይችሉም። እኔ ጋር ይዘው መጡ። አነበብኩላቸው። ሁለቴ አነበብኩላቸው። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም።

ከዚያ በጣታቸው ከታች ያለውን ቦታ ነኩ።

"እዚህ ጋ ምንም አልተጻፈም፣ ልጄ። ምን ይላል?"

"ምስክር ይላል፣ እማማ።"

"ምስክር ነበራት እንዴ? ማን ነበር?"

"እንጃ" አልኩ። "አይታወቅም።"

አመስግነውኝ ሄዱ። "አንተስ ሁልጊዜ ደግ ጎረቤቷ ነበርክ" አሉኝ በሩ ላይ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ግራጫውን የማየው።

ከሱቄ ማዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ላይ ይቆማል። ከቀኑ ስምንት ተኩል ሲሆን። ጃኬት የለውም። መንገዱ በሙሉ ቀለም ነው፤ የታክሲው፣ የጃንጥላው፣ የልጆቹ ቦርሳ... እሱ ብቻ የደበዘዘ ነው። ሰዎች እንደ ምሰሶ ዞረውት ያልፋሉ። ለምን እንደዞሩ እንኳ የሚያውቁ አይመስሉም።

እጁን ወደ እኔ ያነሳል። አንድ ሰው በጣቱ ቢነካው የሚነቃ ይመስለኛል። እሱም እንደዚያ የሚያስብ ይመስለኛል።

ልነካው እችላለሁ። መንገዱን መሻገር ነው፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

አልሻገርም። እስከ ዛሬ አልተሻገርኩም። ፊቱን ካየሁ በኋላ ሥራዬን እቀጥላለሁ፤ መስታወቱም ቀጥ ብሎ ይቆረጥልኛል።

ዛሬ ግን ሁለት ሆነው ቆመዋል።

ሁለተኛው ጀርባውን ነው የሰጠኝ። እሱም የደበዘዘ ነው። መካከለኛ ቁመት፣ ትከሻው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ። የኔን የመሰለ የሥራ ሽርጥ አድርጓል። በብብቱ ሥር ትልቅ መስታወት ይዟል፤ አንደኛውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው ያጣ ይመስል ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ።

ይህን የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ሌላ የምጽፍበት ቦታ ስለሌለኝ ነው። እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬን ይዤ፣ በሩን ከፍቼ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ሱቄ ውስጥ ነበረች። ጫፉን ይዛልኝ ነበር። በግምት አይደለም። እርግጠኛ ነኝ። ያኔም እርግጠኛ ነበርኩ።

ጽፌ ቀና አልኩ።

ሁለተኛው ሰው አልዞረም። የያዘው መስታወት ግን ትንሽ ዞሯል... ወደ እኔ።

ውስጡ ሱቄ ይታያል። በደማቅ ቀለም። በሩ ክፍት ነው።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም።